ስድስት አቶም የጎደለው አርጂኒን በቤይሩት

በኋላ ማን ምን አለ ሲባል እንዳንጣላ፣ የነበርነውን ሁሉ አስቀድሜ በስም ልጥራ። እኔ ሙሉቀን፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ፤ ሥራዬ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እህቴ ጥሩወርቅ፣ ቤይሩት ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ። ከእሷ ጋር አንድ ክፍል የምትጋራው የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዘነበች። ጥሩወርቅ የምትሠራላቸው አዛውንት፣ ማዳም ኦዴት። የጅዴይዴው ባለ ፎቶ ኮፒ፣ አቡ ኤሊ። አስተማሪያችን ዶክተር ሳሚያ። አብረውኝ የተማሩት ሦስት የአገሩ ልጆች፤ ጃድ፣ ሪም እና ሃዲ። አሥረኛው በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ነው። ስሙን አልጠየቅኩትም፤ ግን ነበር።

የሄድኩበትን ጉዳይ ሳልናገር መንገዱን ብተርክ ለአንባቢ ትርጉም የለውም። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ሃያ ዓይነት ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተራ በተራ የተሰኩበት ክር ነው። ክሩ ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ ኪስ ውስጥ እንደከተቱት የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ይጠቀለላል። የኪሱ ገመድ ባወጣነው ቁጥር ሌላ ዓይነት ተወሳስቦ ይወጣል፤ ፕሮቲን ግን አጠቃለሉን አይስትም። ያን ጊዜ በክሩ ላይ ተራርቀው የነበሩት ፍሬዎች፣ አሥረኛውና ስድሳኛው በሉት፣ ጎን ለጎን ይገናኛሉ። ንክኪ የምንለው ይህን ነው። የትኛው ፍሬ የትኛውን እንደሚነካ ካወቅን፣ ፕሮቲኑን ምን አቅፎ እንደያዘው አወቅን ማለት ነው።

ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። ጥሩወርቅ በላከችልኝ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ለማንም ክፍት የሆኑ የፕሮቲን ፋይሎችን እያወረድኩ ለብቻዬ ተማርኩ። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ እያንዳንዱ አቶም አንድ መስመር፣ በመስመሩም ላይ ሦስት ቁጥር አለው፤ የት እንደቆመ የሚናገር። መብራት ስለሚጠፋ ፋይሎቹን በተበላሹ ወረቀቶች ጀርባ እያተምኩ በጣቴ እየተከተልኩ አነብባለሁ። በኋላም ንክኪ የሚቆጥር አነስተኛ ፕሮግራም ጻፍኩ። አንድ ቀን ዶክተር ሳሚያ ለሕዝብ ባወጣችው መልመጃ ውስጥ አንድ አሚኖ አሲድ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ አየሁና ጽፌ ላክሁላት። መልሷ ግብዣ ሆኖ መጣ፤ በቤይሩት መዝረዓ በሚገኘው ላብራቶሪዋ የአምስት ቀን ሥልጠና። በመጨረሻው ቀን ከአራታችን አንዱ ተመርጦ ለአንድ ዓመት ከቡድኗ ጋር፣ ባለበት አገር ሆኖ፣ ይሠራል። ሦስቱ ዲግሪ አላቸው፤ ይህ ባይሳካ ሌላ ያገኛሉ። እኔ ሌላ በር አልነበረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ከማርቆስ ተነሣሁ። ወሩ ኅዳር ነው፤ አጨዳ ላይ የነበሩ ሰዎች ቀና ብለው አውቶቡሱን ያዩ ነበር። አባይ በረሃ ላይ ጎማ ፈነዳና አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። ሻንጣዬ ውስጥ ጥሩወርቅ ያዘዘችው ሽሮና በርበሬ፣ አራት መቶ ገጽ የሚሆን የታተመ የቁጥር ወረቀትም ነበር።

እሑድ ቤይሩት ስደርስ የፈተሸኝ መኮንን ሽሮውን አሸተተና «ሐበሻ» ብሎ ወደ ጎን አደረገው፤ ያውቀዋል። ወረቀቶቹ ላይ ግን ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«የአቶሞች አድራሻ።»

አንዱን ገጽ ገለበጠው። በጀርባው የተበላሸ የሠርግ መጥሪያ ነበር፤ ሁለት ቀለበትና ሁለት ርግብ። ሌላውን ገለበጠ፤ ያው ቀለበት፣ ያው ርግብ። ፊቱ ፈታ አለ።

«ልታገባ ነው?»

«አይ፣ የሰው ነው።»

«ለማንኛውም መብሩክ» ብሎ ማኅተሙን መታ። መብሩክ እንኳን ደስ አለህ ማለት ነው። ገና ከመግባቴ እንኳን ደስ አለህ የተባልኩበት አገር ይህ ብቻ ነው፤ ሌላ አገር ሄጄም አላውቅ።

ጥሩወርቅ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በስልክ መስታወት ያየሁት ፊት ነው፤ በአካል ግን ከማስታውሰው አጠር ብላ አገኘኋት። አንገቴን አቅፋ አልለቅ አለች።

«ረዝመህ ነው ወይስ እኔ አጥሬ?»

«አላውቅም እታለም፣ አልለካሁም።»

«እይልኝ! ይሄ ልጅ ሳይለካ አይናገርም ብዬሽ አልነበር?» አለች ወደ ዘነበች ዞራ።

ዘነበችም ዓይኗን እየጠረገች፣ «ኸላስ፣ የቀረውን ቤት ታለቅሳላችሁ። ታክሲው ቆሟል፣ ያላ!» አለችን።

ጅዴይዴ ከከተማው በስተ ምሥራቅ ያለ፣ ፎቅ በፎቅ የተደጋገፈበት ሰፈር ነው። በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ከጎረቤት በረንዳ ጋር ሊጨባበጥ ምንም አይቀረው። ማርቆስ ላይ ጎረቤቴን ለመጥራት ግቢ አቋርጣለሁ፤ እዚያ መስኮት መክፈት ይበቃል። የሴቶቹ ክፍል አንድ ብቻ ስለሆነ አንሶላ ገመድ ላይ ሰቅለው ለሁለት ከፈሉት።

«ከመጋረጃው ወዲህ ኢትዮጵያ፣ ወዲያ ሊባኖስ» አለች ዘነበች። «ያለ ቪዛ እንዳትሻገር፣ ፕሮፌሰሩ።»

እኔ በበረንዳው በኩል፣ ሊባኖስ ውስጥ፣ ተኛሁ። ጥሩወርቅ የራሷን ወፍራም ብርድ ልብስ እንደሰጠችኝ ያወቅኩት ጠዋት፣ እሷ ካፖርት ለብሳ ተኝታ ሳያት ነው።

ሰኞ ከባድ ዝናብ ነበር። እኛ ዘንድ ነዶ የሚከመርበት ወር እዚያ ክረምት ነው። ጥሩወርቅ ከቤት ሳልወጣ አስጠናችኝ፤ እስከ መሀል ከተማ በቫን፣ ከዚያ ሰርቪስ፣ ማለት ሰው የሚጋራው ታክሲ። በመስኮቱ ጎንበስ ብለህ «መዝረዓ?» ትላለህ አለችኝ። እንደተባልኩት አልኩ። ሾፌሩ ቅንድቡን ሽቅብ አነሣ። እኛ ዘንድ ቅንድብ ማንሳት እሺ ማለት ነውና ከፍቼ ገባሁ። ጮኸብኝ። ወረድኩ። ሁለተኛውም ቅንድቡን አነሣ፤ ገባሁ፤ ጮኸ፤ ወረድኩ። ሦስተኛው ቅንድቡን ሳያነሣ ዝም ብሎ ስላየኝ እምቢ ያለ መስሎኝ ልሄድ ስል፣ ራሱ ወርዶ በሩን ከፈተልኝ። እዚያ ቅንድብ ማንሳት አይሆንም ማለት መሆኑን የነገረኝ እሱ ነው። እስከ ላብራቶሪው በር አድርሶኝ፣ ከዳሽቦርዱ መሳቢያ መሐረብ አውጥቶ ፊቴን እንድጠርግ ሰጠኝ።

ዶክተር ሳሚያ አጭር፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ጥያቄዋን በአንድ ትንፋሽ ነገረችን። አንድ ባክቴሪያ በሆዱ ውስጥ መርዝ ይሠራል፤ እንዳይሞት ደግሞ ማርከሻ ይሠራል። ሁለቱም ፕሮቲን ናቸው። ማርከሻው መርዙን ጥብቅ አድርጎ ያቅፈዋል፤ እቅፉ እስካለ ባክቴሪያው በሕይወት ይኖራል።

«ማርከሻው ሰባ ሁለት አሚኖ አሲድ አለው» አለች። «እያንዳንዱ የራሱ ክንድ አለው። ላብራቶሪው ውስጥ አንድ በአንድ ክንዳቸውን ቆርጠን ባክቴሪያውን አብቅለናል። ሰባ ሁለት ሰሃን። በሰሃኑ ላይ ከበቀለ እቅፉ አልላላም። ባዶ ከሆነ መርዙ አምልጦ ገድሎታል። ባዶው አንድ ብቻ እንደሆነ ተነግሮኛል፤ የትኛው እንደሆነ እኔም ሆን ብዬ አልጠየቅኩም። ዓርብ እያንዳንዳችሁ አንድ ቁጥር ትጽፋላችሁ፤ ሰሃኑን እንከፍታለን። ቤተሰብ መጋበዝ ይቻላል።»

የመልመጃው ፕሮግራም የመጀመሪያ መስመር ፋይሉን የሚያጸዳ ነበር። ፋይሉ ውስጥ መርዝና ማርከሻው ተቃቅፈው ሁለት ጊዜ ተጽፈዋል፤ አንደኛ ጥንድና ሁለተኛ ጥንድ። ሁለቱ አንድ ስለሆኑ፣ መስመሩ ሁለተኛውን ይጥለዋል። ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም፤ የፎቶ ኮፒ ሰው ነኝ፣ ትርፍ ቅጂ መጣል ልማዴ ነው።

ማክሰኞ የሁላችን ፕሮግራም አንድ ዓይነት ዝርዝር አወጣ። ማርከሻው መርዙን በሃያ ስድስት ቦታ ይነካል። ከሁሉ የሚበልጠው ሠላሳ አንደኛው፣ ትሪፕቶፋን የሚባለው ግዙፍ አሚኖ አሲድ ነው፤ ብቻውን ሰባት የመርዙን ፍሬዎች ይነካል። ጃድ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «ኸላስ፣ አለቀ። ሦስት ቀን ወደ ባሕሩ ዳርቻ እንሄዳለን።» ሪምም በትሪፕቶፋኑ ተስማማች። ሃዲ ብቻ በጎኑ ያለውን ሃያ ሰባተኛውን፣ ሊዩሲን የሚባለውን፣ መረጠ፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ሃዲ ከእኔም የባሰ ዝምተኛ ነው፤ ስለዚህ ጎን ለጎን መቀመጥ ተመቸን።

ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የእኔ ላፕቶፕ፣ ባትሪው ካረጀ ቆይቷልና፣ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ሲያዝን እኔ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ያን ቀን ማታ ፋይሉን በወረቀት ለማተም ጅዴይዴ ወዳለው አቡ ኤሊ ሱቅ ሄድኩ። አቡ ኤሊ ማሽኑ ወረቀት ነክሶበት በቢላ ሊያወጣ ሲታገል ደረስኩ። ማሽኑ እኛ ቤት ካለው ጋር አንድ ነው። እጁን ያዝኩት፤ ቢላ የውስጡን ሮለር ይጭራል። የጎን ክዳኑን ከፍቼ አረንጓዴውን መፍቻ ወደ ታች ገፋሁ፤ ወረቀቱ እንደ ምላስ ወጣ። አቡ ኤሊ ግንባሬን ሳመኝ። ሁለቱንም ጥንድ፣ ሙሉውን ፋይል፣ አተመልኝና በላዩ ላይ ዘዕተር ከሚባል ቅመም ጋር የተጋገረ ትኩስ ማነኢሽ ጨመረልኝ። የዳቦው ስፋት አንባሻ ያህላል፤ ሽታው እንደ ጦስኝ ነው።

የሁለተኛውን ጥንድ ገጾች ለይቼ ለዘነበች «ይሄ ትርፍ ነው» ብዬ ሰጠኋት።

ረቡዕ፣ ጃድ ወረቀቶቼን አይቶ «አያቴም በስልክ ደብተሩ እንዲህ ነው፤ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ያነብባል» አለኝ። ሪም ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ጣቴን ከላይ አስቀምጬ ጀመርኩ።

እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ስንት መስመር ሊኖረው እንደሚገባ በቃሌ አውቃለሁ። ትሪፕቶፋን አሥራ አራት። ሊዩሲን ስምንት። አርጂኒን አሥራ አንድ። አርጂኒን ረጅም ክንድ ያለው፣ ጫፉ ላይ እንደ ሁለት ጣት የተከፈለ ነው። በማርከሻው አርባ አራተኛ ቦታ ላይ አርጂኒን አለ። መስመሮቹን ቆጠርኩ፤ አምስት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አምስት። ክንዱ ከትከሻው ተቆርጧል። ስድስት አቶም የለም።

ለዶክተር ሳሚያ አሳየኋት። «ይህ የተለመደ ነው» አለች። «ክንዱ ሲወዛወዝ ምስሉ ይደበዝዛል። ያላየነውን አንጽፍም።»

«ስለዚህ ንክኪው ዝርዝር ውስጥ አይገባም?»

«የሌለ ክንድ ምን ይነካል?» አለች ሪም ከጎን፣ በቅንነት።

ቀኑን ሙሉ ያ ቦታ እንደወለቀ ጥርስ ምላሴን ጠራው።

ሐሙስ ሥልጠናው እስከ ቀትር ብቻ ነበር። ጥሩወርቅ ማዳም ኦዴት ሊያዩኝ እንደሚፈልጉ ነግራኝ ስለነበር ቤታቸው ወዳለበት ወደ ሐምራ ሰፈር ሄድኩ። ቅንድቡን ያላነሣ ሰርቪስ መርጬ ገባሁ፤ በአንድ ሙከራ ደረስኩ።

ማዳም ኦዴት በከዘራ ተደግፈው በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። እህቴን ቲቲ ይሏታል። «ቲቲ፣ ወንድምሽ ከሲታ ነው፤ እዚያ አገር ምን ያበሉታል?» አሉ። የነቢያት ጾም ላይ መሆናችንን ያውቃሉና ሙጀደራ አሠርተው ጠበቁኝ፤ ምስርና ሩዝ አብሮ የበሰለ፣ በላዩ የተጠበሰ ሽንኩርት ያለበት። «ሳህተይን» አሉኝ፤ ሁለት ጤና ይስጥህ ማለት ነው። ሳህኑን በጨረስኩ ቁጥር ሞሉት። እኛ ዘንድ ጉርሻ በእጅ ነው፤ እሳቸው በጭልፋ ያጎርሳሉ።

ሳሎኑ መሀል ጥሩወርቅ መሰላል ላይ ነበረች። ለገና በዓል ትረያውን እያጠበች ነው። ትረያ ከጣሪያው የሚንጠለጠል ትልቅ መብራት ነው፤ ስድስት ክንድ አለው፣ በእያንዳንዱ ክንድ አሥራ ስምንት የብርጭቆ ፍሬ ይንጠለጠላል። የወረዱትን ፍሬዎች በኸል፣ ማለት በኮምጣጤ ውሃ፣ አጥባ ጠረጴዛው ላይ በፎጣ ደርድራለች። እኔ ከታች ሆኜ ማቀበል ጀመርኩ። አራተኛው ክንድ ጫፍ ላይ ስትደርስ ረጅሟን ፍሬ አቀበልኳት።

«ይቺ አይደለችም።»

«በምን አወቅሽ እታለም? ቦታው ባዶ ነው።»

«ፊት ለፊቱን እየው እንጂ። ያኒ፣ ማለቴ፣ አንደኛውን ክንድ እየው፤ እዚያ ጫፉ ላይ ያለችው እንደ እንባ የሾለችው ናት። ከዚህ የጎደለው እዚያ ተሰቅሏል።» ከላይ ሆና ሳቀች። «የመጀመሪያው ዓመት አላውቅም ነበር። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አወረድኩትና ሁለት ቀን አለቀስኩ። አሁን ትይዩውን ሳላወርድ ነው የማጥበው። አንዱ ካልተሰቀለ ሌላውን በምን ታውቀዋለህ?»

ከፎጣው ላይ የሾለችውን ፍሬ አነሣሁና እንደያዝኳት ቀረሁ።

«ሙሌ? ምን ሆንክ?»

«አወረድነው» አልኩ። «እታለም፣ ትይዩውን፣ ሁለተኛውን ጥንድ፣ አወረድነው። በመጀመሪያው መስመር።»

ማዳም ኦዴት «ምን ይላል?» ሲሉ ሰማሁ። ጥሩወርቅም በዓረብኛ «እንጃ ማዳም፤ ከልጅነቱ እንዲህ ነው» ስትል። ልሮጥ ስል ፍሬዋ እጄ ላይ መሆኗ ትዝ አለኝ። ጥሩወርቅ እንድሰቅላት መሰላሉን ለቀቀችልኝ። ወጥቼ፣ አንደኛውን ክንድ አይቼ፣ አራተኛው ላይ ሰቀልኳት። ከዚያ ሮጥኩ።

ጅዴይዴ ስደርስ ዘነበች ገና ከሥራ መግባቷ ነበር።

«ዘነበች፣ ትርፍ ያልኩሽ ወረቀት የት አለ?»

«መደርደሪያው ላይ አንጥፌዋለሁ። አበባ የለውም እንጂ ያምራል።»

«የትኛው መደርደሪያ?»

«ሁሉም ላይ ነዋ! አንተ ሰውዬ፣ አሁን እኮ ነው ያጸዳሁት!»

የሽሮውን ዕቃ፣ የምስሩን፣ የጨዉን አንድ በአንድ አነሣን። እሷ እየተራገመች ታነሣለች፣ እኔ አነብባለሁ። የሁለተኛው ማርከሻ አርባ አራተኛ አሚኖ አሲድ በዘይት ጠርሙሱ ሥር ተገኘ። ወረቀቱ ላይ ክብ የዘይት ምልክት ነበር፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። መስመሮቹን ዘነበች ናት የቆጠረችው፤ እኔ ጠርሙሱን ይዤላት ነበር።

«…ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። አሥራ አንድ ነው። ጥሩ ነው መጥፎ?»

«ጥሩ ነው።»

«እንግዲያስ መደርደሪያዬን መልስልኝ።»

መብራት ስላልነበረ ርቀቱን በእርሳስ አሰላሁ። የሁለተኛው አርጂኒን ክንድ ሙሉ ነው፤ ሁለቱ ጣቶቹ በመርዙ ላይ ያለውን ስድሳ ስምንተኛ አሚኖ አሲድ፣ ግሉታሜት የሚባለውን፣ ግጥም አድርገው ይዘዋል። አንዱ በሁለት ነጥብ ስምንት፣ ሌላው በሁለት ነጥብ ዘጠኝ አንግስትሮም። አንግስትሮም ማለት አንድ ሜትር ለአሥር ቢሊዮን ተካፍሎ አንዱ እጅ ነው። አርጂኒንና ግሉታሜት ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙላት ስላላቸው ይሳሳባሉ፤ በዚህ ርቀት ሲያዙ ደግሞ ከዚያ የጠበቀ እጅ ለእጅ የለም። የሚነካው አንድ ፍሬ ብቻ ነው፤ ትሪፕቶፋኑ ሰባት ይነካል። ግን የንክኪ ቁጥር አንድ ነገር ነው፣ ጥብቀቱ ሌላ።

ዓርብ ጠዋት ለዶክተር ሳሚያ የዘይቱን ወረቀት አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ቁጥሮቹን አነበበች። ከዚያ ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ይህ ምስል የተወሰደው ፕሮቲኖቹ ክሪስታል ውስጥ ታጭቀው ሳለ ነው፤ እንደ ጡብ ተደርድረው። ሁለተኛውን አርጂኒን ጎረቤቱ ገፍቶ ወደ ግሉታሜቱ ቢያስጠጋውስ? ያ እቅፍ አይደለም፤ ግፊያ ነው።»

«እስከ ስንት ሰዓት ጊዜ አለኝ?»

«እስከ ስምንት።»

በፋይሉ ራስጌ ላይ ጎረቤቶቹ እንዴት እንደተደረደሩ የሚናገሩ ቁጥሮች አሉ። በእነዚያ ቁጥሮች ጎረቤቶቹን በሁለቱም ጥንዶች ዙሪያ አቆምኩ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለተኛው ላይ ሃዲ የራሱን ላፕቶፕ ወደ እኔ ገፋው። ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መልሱ ወጣ። በሁለተኛው ጥንድ አርጂኒን አጠገብ ማንም የለም። የሚገፋው የለም፤ የያዘው ወዶ ነው። በአንደኛው ጥንድ በኩል ግን የጎረቤት ላይሲን፣ እሱም እንደ አርጂኒን ግሉታሜትን የሚስብ፣ ገብቶ ግሉታሜቱን ይዞበታል። አርጂኒኑ ቦታውን ተነጥቆ ስለሚወዛወዝ ነው ምስሉ የደበዘዘው። የተረበሸው እኛ ጤነኛ ነው ብለን ያስቀረነው ጥንድ ነው።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ጃድና ሪም ሠላሳ አንድ ጻፉ፤ ሃዲ ሃያ ሰባት። ጃድ ጠመኔውን ሲያቀብለኝ «ከእኛ ጋር ጻፍ፤ ቢያንስ ብቻህን አትወድቅም» አለኝ በጆሮዬ። ለክፋት አልነበረም። አርባ አራት ብዬ ጻፍኩ።

ጥሩወርቅና ዘነበች አልደረሱም ነበር። ጥሩወርቅ ሰዓቷን የማታሳልፍ ሴት ናትና ወደ በሩ ወረድኩ። ዘበኛው በእጁ ወደ ጓሮ እያመለከታት ነበር፤ የጽዳት ሠራተኞች መግቢያ በዚያ በኩል ነው እያለ። ጥሩወርቅ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር በዓረብኛ መለሰችለት፤

«ዛሬ ላጸዳ አልመጣሁም። ወንድሜን ላይ ነው የመጣሁት።»

በዋናው በር ገባን። ዶክተር ሳሚያ ወንበር ሳበችላቸው።

ሰሃኖቹ መዳፍ የሚያህሉ ክብ ናቸው፤ በብርማ ፎይል ወረቀት ተጠቅልለዋል። መጀመሪያ ሠላሳ አንድ ተከፈተ። ከዳር እስከ ዳር ነጭ፤ ባክቴሪያው እንደ አሻሮ ተሰጥቶበታል። ጃድ ራሱን ያዘ። ሃያ ሰባት ተከፈተ፤ ሳሳ ብሏል፣ ግን በቅሏል። ሃዲ ራሱን ነቀነቀ። ዶክተር ሳሚያ አርባ አራትን አነሣች። ብርማውን ወረቀት ስትገልጥ ፊቷን ነው ያየሁት፤ ሰሃኑን ለማየት ድፍረት አልነበረኝም። ሰሃኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው፤ በውስጡ የመንገዱ ማዶ ሕንፃ ጥርት ብሎ ታየ። ምንም አልበቀለበትም።

ዘነበች እልል አለች። ላብራቶሪ ውስጥ፣ ነጭ ጋውን በለበሱ ሰዎች መሀል፣ በሙሉ ድምፅዋ። ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ወርደው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጥሩወርቅ አላለቀሰችም፤ እጄን ይዛ ሰሃኑን ለራሷ ተቀብላ እንደ ብርጭቆ አገላብጣ አየችው። «ንጹሕ ነው» አለች። በዚህ ጉዳይ ከእሷ የበለጠ ዳኛ የለም።

ጃድ ትከሻዬን መታ። «መብሩክ! ለአያቴ እነግረዋለሁ፤ የስልክ ደብተሩን እንዳይጥል።»

ዶክተር ሳሚያ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር። መልመጃውን በግድግዳው ላይ በትልቁ አበራችው፤ የመጀመሪያውን መስመር፣ ሁለተኛውን ጥንድ የሚጥለውን፣ ፊታችን ሰረዘችው። ከወንበሯ ተነሥታ እንድቀመጥ አሳየችኝ።

«በቦታው አንተ ጻፍ። ከሰኞ ጀምሮ ሥራህ ይሄ ነው።»

ሁለቱንም ጥንድ የሚያነብ፣ መስመር የጎደለውን ከትይዩው የሚያመሳክር ትእዛዝ ጻፍኩ። አራት መስመር ሆነ። ሲሠራ ዝርዝሩ ላይ ሃያ ሰባተኛው ንክኪ ብቅ አለ፤ አርባ አራት ከስድሳ ስምንት ጋር።

ጥሩወርቅ ለማዳም ኦዴት ደወለች። ድምፅ ማጉያውን ባትከፍትም እሳቸው በፈረንሳይኛም በዓረብኛም ሲጮኹ ሁላችንም ሰማን።

ቅዳሜ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄድን። ባሕሩ ትልቅ ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም። ዘነበች ጣናን አይተህ ይሄን ምን አደነቅከው አለችኝ፤ እኔም ጣናን በደንብ እንዳላየሁት ያኔ ገባኝ። እሑድ ጠዋት ሴቶቹ ከሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ቆይተን ወደ አየር ማረፊያ ሄድን። ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮው በነበረበት ቦታ ከማዳም ኦዴት የተላከ ዘዕተር፣ ከአቡ ኤሊ አንድ አረንጓዴ የማሽን መፍቻ፣ በዘይት ክብ የታተመ አንድ ገጽ ነበር። ሻንጣዬን የከፈተው ሌላ መኮንን ነው፤ ገጹን ሳይገለብጥ አለፈው። ቢገለብጠው ነጭ ነበር፤ ርግብም ቀለበትም አልነበረበትም።

ይህን የጻፍኩት ማርቆስ ሆኜ፣ ከተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የሳትኩት ወይም የዘለልኩት ካለ፣ የነበራችሁ ጨምሩበት። ዘነበች፣ እልልታው ሰሃኑ ከመገለጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሃዲ በፊት ነው ይላል፤ እንዲያ ከሆነ በምን አወቅሽ? ሃዲ፣ ሃያ ሰባትን ለምን እንደመረጥክ አሁንም አልነገርከንም። ጃድና ሪም፣ ዶክተር ሳሚያ ሰሃኑን ስታነሣ በዓረብኛ አንድ ነገር ብላለች፤ ጻፉልኝ። ማዳም ኦዴት፣ አራተኛው ክንድ ጫፍ ላይ የሰቀልኳት ፍሬ ከትይዩዋ ጋር እኩል ወርዳ እንደሆነ ይዩልኝ፤ ቸኩዬ ነበር።

እታለም፣ ስንወጣ ዘበኛው የበሩን ሁለቱንም መዝጊያ ከፈተልን። እኔና ዘነበች ቀድመን ወጣን፤ አንቺ ቆም ብለሽ አንድ ነገር አልሽው፣ እሱም ቆቡን አነሣ። ምን እንዳልሽው እዚህ ላይ ጻፊበት፤ ቦታውን ባዶ ትቼልሻለሁ።